ከፍጥሞ፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ

ይድረስ ለእህትዓለም፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ጠፍታ «ከናፍቆትሽ በስተቀር» የምትል ዓይን አውጣ ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ግን ደብዳቤ በሌላ መጀመር አልችልበትም።

የምጽፍልሽ ጀልባ ላይ ሆኜ ነው። አትሳቂ። ከቀበና ወንዝ ሌላ ውኃ ሳላይ ያደግሁት፣ ዋና እንኳ የማልችለው እኔ፣ ግሪክ አገር በሸራ ጀልባ እየዞርኩ ነው። የመሥሪያ ቤት ልጆች ጀልባ ሊከራዩ አስበው አንድ ሰው ጎደላቸው። ወጪው ለስምንት ካልተካፈለ ይወደዳል። ይሉኝታዬን ታውቂው የለ፣ እሺ አልኩ። ከኮስ ተነስተን ካሊምኖስ፣ ሌሮስ፣ ሊፕሲ እያልን ወደ ሰሜን ወጣን።

በዚህ ወቅት እዚህ ባሕር ላይ መልቴሚ የሚሉት ነፋስ አለ። ከሰሜን ነው የሚመጣው። ደመና የለ፣ ዝናብ የለ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ባሕሩ ነጭ በነጭ ይሆናል። እኛ ደግሞ የምንሄደው ወደ እሱ ነው። ሸራ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ አይሄድም፤ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጣጠፈ ነው የሚጠጋው። በዞረ ቁጥር ጀልባው በሌላ ጎኑ ይጋደማል፣ ጓዳ ያለው ዕቃ ይንኮሻኮሻል፣ እኔ አስመልሳለሁ። ከሊፕሲ በኋላ ሥራዬ ባልዲ መያዝ ብቻ ሆነ።

ወደቡ ስካላ ይባላል። ጀልባው መልሕቁን ከፊት ይጥልና ማርሽ ወደ ኋላ አድርጎ በጀርባው ወደ ግንቡ ይጠጋል። አንዱ ልጅ ከኋላ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ያስጠጋል። ልክ ፒያሳ መኪና እንደሚያስቆሙት ልጆች፣ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ቢል ነው የቀረው። መሬት ስረግጥ አስፋልቱም ይወዛወዝ ነበር።

ካርታው ላይ ደሴቷ ፓትሞስ ነው የምትባለው። ሦስት ቀን ሙሉ ስሙን እያየሁ ምንም አልመጣልኝም። ካፒቴኑ «ዮሐንስ በግዞት የኖረባት ናት» ሲል ነው ክው ያልኩት። ፍጥሞ! «ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበርሁ።» ሰንበት ትምህርት ቤት በቃል የያዝነው። እኔ እኮ ፍጥሞ ስካላ የሚባል ወደብና አይስክሬም ቤት ያላት ቦታ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። እናትሽ፣ እማማ፣ ትዝ አሉኝ። «ራእይ ለልጅ አይሆንም፣ ሌሊት ያቃዣችኋል» ብለው መጽሐፉን ይነጥቁን ነበር። ኩሽና ተደብቀን የዘንዶውን አነበብን። አንቺ ያን ሌሊት እውነትም ቃዠሽ።

በማግስቱ ኦገስት 15 ነበር፣ በእኛ ነሐሴ 9። የግሪኮቹ ፍልሰታ የተፈታበት ቀን። የእነሱም የእኛም ጾም የሚገባው በወሩ በ1 ነው፤ ወሩ ነው የተለያየው። ስለዚህ እነሱ ሲፈስኩ እኔ ሰባት ቀን ቀረኝ። ቢሆንም ምግብ ቤት ገብተሽ «ኒስቲሲሞ» ካልሽ የጾም ያመጡልሻል። ፋቫ የሚሉት አላቸው። እርድ የሌለው ክክ አልጫ በይው፣ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት። እንጀራ ብቻ ነው ያጣሁት። ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ በፈረንጆቹ ከ451 ጀምሮ የተኳረፍን ሰዎች ገበታችን አንድ መሆኑ አይገርምም? ከዚያ አንጻር የእኔና የአንቺ ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። (ማምለጫ እየፈለግሁ መሆኑ ገብቶሻል።)

ሌሎቹ ሊዋኙ ሲሄዱ ነጠላዬን ይዤ በድንጋይ የተነጠፈውን የድሮ የበቅሎ መንገድ ወጣሁ። ጫፉ ላይ በፈረንጆቹ በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አለ። የባሕር ወንበዴ ስለሚፈሩ እንደ ምሽግ ነው የሠሩት። ቆንጆ ነው፣ ግን ቱሪስት በዝቶ ብዙም አልቆየሁም። እኔ የቆየሁት ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ካለው፣ ዮሐንስ ራእዩን አየበት ከሚባለው ዋሻ ነው። ደረጃ ወርደሽ ትገቢያለሽ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ጥቁር አለት ነው፣ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ድምፁ የመጣው በዚያ ነው ይላሉ። ዮሐንስ ሲናገር ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ ይጽፍ ነበር ይላሉ። ከግድግዳው ሥር ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍባት የነበረች ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፣ ዙሪያዋ በብር ተከቧል። ከእሷ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ። ሽማግሌ ነበርና ሲነሳ የሚይዛት።

እህትዓለም፣ እዚያች ላይ ነው የቀረሁት። እማማ ከበርጩማቸው ሲነሱ የሚይዙት የኩሽናው በር መቃን ታየኝ። ቀለሙ በእጃቸው ልክ የተላጠው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ «እመብርሃን» ብለው።

ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰው ነው፣ ከሳምንት በኋላ። ያን ቀን ስልኩን አነሳሁና ምን እንደምል ጠፋኝ። ነገ አልኩ። ከዚያ ሰልስቱ ካለፈ ምን ብዬ ነው፣ አርባው ይድረስ አልኩ። አርባው አለፈ። ከዚያ በኋላ የማፍረው ባለመደወሌ ሳይሆን በመቆየቴ ሆነ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልሽ፣ አልበዛብኝም። አንቺም አልደወልሽም፣ መቀየምሽም ሲያንስ ነው።

መግቢያው ላይ ልክ እንደ እኛው ያለ ቀጭን ጧፍ አለ። አንድ አብርቼ በስማቸው አሸዋው ላይ ተከልኩ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት ባልቴት ነጠላዬን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ኦርቶዶክስ?» አሉኝ። «ኢትዮጵያ» አልኳቸው። አማተቡና ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በልቼው ወጣሁ።

ውጭ ባሕሩ ከታች ይታያል። ራእዩ መጨረሻ ላይ «ባሕርም ወደ ፊት የለም» የሚለውን ታስታውሻለሽ? ለምን እንደሆነ የሰንበት መምህራችንን ስንጠይቅ ምሥጢር ነው አሉን። እኔ ባልዲዬን አስቤ ገባኝ። ግዞተኛም ሌላ የሚመኘው ምን አለ? ዘመዱ ሁሉ ከባሕሩ ማዶ ነው።

ነገ ወደ ኮስ እንመለሳለን፣ ደግነቱ ነፋሱ ከኋላ ነው። እሑድ ጀርመን ገብቼ፣ አንቺ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ቁጥርሽ ያው ከሆነ። የኩሽናውን በር ቀለም አስቀብታችሁት ከሆነ ግን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።

ያንቺው