ባዶዋ ወረቀት፦ የፊዚክስና ኬሚስትሪ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የተሰበሰብነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነበር። ቀለም በውኃ ውስጥ ዓይን እስከማያየው ድረስ ከቀጠነ በኋላ፣ አሁንም እዚያ መኖሩን፣ ያውም የትኛው ቀለም እንደሆነ በብርሃን ማወቅ ይቻላል? የመረጥነው በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠውን፣ እናቶች የሕፃናትን የአፍ ቁስል የሚቀቡትን ሐምራዊ ጄንሺያን ቫዮሌት ነው። ርካሽ ነው፤ በእጃችን አለ። ተመራማሪዎችም ለዚሁ ዓይነት ፍተሻ አዘውትረው የሚጠቀሙበት ቀለም መሆኑን ሲሰሙ ተማሪዎቹ እጅግ ደስ አላቸው።

መነሻችን የራማን ብትነት ነው። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሲ. ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 በካልካታ እንዳሳየው፣ ብርሃን ሞለኪውል ላይ አርፎ ሲበተን አብዛኛው በመጣበት ቀለም ይመለሳል። ጥቂቱ ግን ከጉልበቱ ለሞለኪውሉ ንዝረት አካፍሎ፣ ቀለሙን ለውጦ ይወጣል። እያንዳንዱ ሞለኪውል የሚነዝርበት ልክ የራሱ ስለሆነ የቀለሙ ለውጥ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። ራማን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ችግሩ የምልክቱ ድካም ነው፤ ከአሥር ሚሊዮን የብርሃን ቅንጣቶች አሻራውን ይዛ የምትወጣው አንዷ ገደማ ብቻ ናት። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር «ታዲያ እንዴት ትገኛለች?» የሚል ድምፅ መጣ። የዓመቱ ሥራ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

መልሱ ብር ነው። የብር ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ያህል ሲያንስ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ በአንድነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ በቅንጣቱ ዙሪያ ያለው የኤሌክትሪክ መስክም ይጎለብታል። ሁለት ቅንጣቶች ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በመካከላቸው በምትቀረው የአንድ ወይም የሁለት ናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ክፍተት ውስጥ መስኩ ከሁሉ ይበልጥ ይበረታል። መስኩ አሥር ጊዜ ቢጎለብት የራማን ምልክት የሚያድገው አሥር ጊዜ አይደለም፤ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ነው፤ ምክንያቱም መስኩ አሥር ጊዜ ሲጎለብት ብርሃኑ መቶ ጊዜ ይበረታል፤ ይህም ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም ይሠራል።

የብሩን ውኃ ማዘጋጀት ከጠበቅነው በላይ ፈተነን። ሲልቨር ናይትሬት በውኃ አሟሙቶ ማፍላት፣ ሶዲየም ሲትሬት ጠብ ማድረግ፣ ከዚያ መታገሥ፤ በጽሑፍ ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው ሙከራችን እንደ ወተት ነጣ። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብሩን ይዞ ሲልቨር ክሎራይድ አድርጎት ነበር። የቤተ ሙከራ ረዳታችን ከመኪና ጥገና ሠፈር የተጣራ የባትሪ ውኃ ገዝተው ባመጡልን ቀን ነገሩ ተለወጠ። ሌላዋ የፈተነችን ከተማችን ራሷ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መመሪያው አንድ ሰዓት ሲል እኛ ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረብን። በታኅሣሥ አንድ ምሽት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ መስኮቱን እየነካ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውኃ ቀስ በቀስ ቢጫ ሲሆን ከወንበሩ የተነሣ ተማሪ አልነበረም።

ከካርቶን፣ ከምላጭና ከዲቪዲ ቁራጭ የሠራነው፣ ብርሃንን በየቀለሙ የሚለይ መሣሪያ የራማንን ምልክት ለማየት አቅም የለውም፤ ይህን ገና ከጅምሩ ተናግረናል። የብሩ ውኃ ሰማያዊውን ጫፍ ሲውጥ፣ ሐምራዊው ቀለም ደግሞ ቢጫውን ሲያጠቁር ግን በደንብ ያሳያል። ለራማኑ መለኪያ በማጣሪያ ወረቀት ቁራጮች ላይ ብሩን አስቀምጠን ወደ አዲስ አበባ ላክን። እዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ የምታጠና የቀድሞ ተማሪያችን፣ አረንጓዴ ሌዘር ባለው መሣሪያ ለክታ ግራፉን በቴሌግራም ትልክልናለች። ትዕግሥቷን ክበቡ አይረሳውም።

አባላቱ መጀመሪያ ያመኑት ብር በበዛ ቁጥር ምልክቱ ይበረታል ብለው ነው። ወረቀቶቹን አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት ጊዜ ነከሩ። ስድስት ጊዜ የተነከረችው ሦስት ጊዜ ከተነከረችው አልበለጠችም። እዚህ ላይ የዚህን ዘዴ ታሪክ መጀመሪያ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪዎቹ ፍላይሽማን፣ ሄንድራና መኩዊላን በእንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን፣ በሻከረ የብር ኤሌክትሮድ ላይ ያልተጠበቀ ብርቱ ምልክት ሲያገኙ፣ ምክንያቱ የገጹ ስፋትና ብዙ ሞለኪውል መያዙ መሰላቸው። በ1977 ዣንሜርና ቫን ዳይን፣ ለብቻቸውም አልብሬክትና ክሬይተን፣ የገጹ ስፋት ይህን ሁሉ ሊያስረዳ እንደማይችል አሳዩ። ምልክቱ ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን ጊዜ ጎልብቶ ነበርና። ልጆቼ የተሳሳቱት ትልልቆቹ በተሳሳቱበት ቦታ ነው፤ ይህን የነገርኳቸውም በሙሉ አክብሮት ነው።

ስለዚህ የብሩን መጠን ትተን ወደ ክፍተቱ ዞርን። ቅንጣቶቹ በሲትሬት ስለተሸፈኑ ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው፤ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ጥቂት የገበታ ጨው ሲገባ ግፊያው ይዳከምና ይቀራረባሉ። ጨው ሲያንስ የሚሆን ነገር የለም፤ ሲበዛ ብሩ ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። የካቲት ሙሉ የሄደው በጠብታ ቆጠራ ነው። ትክክለኛው ላይ ስንደርስ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ግራጫ አዘነበለ፤ ከዚያ ከተላከው ወረቀት የመጣው ግራፍም በ1,175 እና በ1,620 የሞገድ ቁጥር (የብርሃኑ ቀለም ለውጥ በሚለካበት ልክ) ላይ የቀለሙን ጫፎች፣ ማለትም አሻራው የሆኑትን የግራፉን ሹል ከፍታዎች፣ አጉልቶ አሳየ። ብሩ ያው ነው፤ ቀለሙ ያው ነው፤ የተለወጠው መቀራረቡ ብቻ ነው።

አሁን ዋናውን ልናገር። በመጋቢት ቀለሙን አሥር በአሥር እያቀጠንን አንድ ረድፍ ወረቀት ላክን። ሁሉም፣ እጅግ የቀጠነው ሳይቀር፣ ምልክት ሰጡ። ደስታው ወሰን አጣ፤ እኔም ውጤቱን በትላልቅ ፊደል ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን ግን የባትሪ ውኃ ብቻ የተንጠባጠበባት፣ «0» የሚል ምልክት ያላት ወረቀት ለብቻዋ ጨምራ ልካ ነበር። የዚያች ወረቀት ግራፍ በማግሥቱ ደረሰ። ያው ጫፍ፣ ያው ቦታ።

ቀለሙ በፒፔቱ፣ በጠብታ መቅጃው ቱቦ፣ ውስጥ ተጣብቆ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ሲሻገር ከርሟል። እንዲህ ያለ መለኪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የራስን እጅ ቆሻሻ ነው። ማስታወቂያውን በማግሥቱ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት አነሣሁት፤ ምክንያቱንም በሰልፉ ፊት ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ለየብልቃጡ የየራሱ ፒፔት ሆነ፤ ሥራውም ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ እንዲሄድ፣ በየረድፉም ሦስት ባዶ ወረቀት እንዲኖር ተስማማን። ግንቦት ላይ ባዶዎቹ በእርግጥ ባዶ ሆኑ። ቀለሙ ከባዶው በግልጽ የተለየበት የመጨረሻው መጠን በሊትር 40 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም አንድ ግራም ቀለም በ25 ሺህ ሊትር ውኃ ውስጥ እንደ መበተን ነው። በመጋቢት ለየን ብለን ካሰብነው መጠን መቶ እጥፍ የወፈረ ነው፤ እኔ ግን የምኮራው በዚህኛው ነው።

በወላጆች ቀን አንድ አባት ክፍተት ማለት ምን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ያችው የ11ኛ ክፍል አባላችን «አባባ፣ ሰኞ ገበያ በሁለት ሱቆች መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ያውቋታል? ሰው ሁሉ የሚጨናነቀው እዚያች ውስጥ ነው፤ መስኩም እንዲሁ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ አልነበረኝም።

ስኳርም ሞክረን ምንም አላገኘንም። ጄንሺያን ቫዮሌት አዎንታዊ ሙል ስላለው አሉታዊው ብር ላይ ራሱ ይሄዳል፤ ለአረንጓዴ ብርሃንም የተመቸ ነው። ስኳር ብሩን አይጠጋም፤ ያልተጠጋ ሞለኪውል ደግሞ ከክፍተቱ ጉልበት አይካፈልም። በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤታችን ከጨርቅ ከተማዋ ከኮምቦልቻ የተገዙ ጨርቆችን አጥበን፣ በእጣቢው ውስጥ የሚቀረውን ቀለም ለመለየት አስበናል። የትኛው ቀለም ብሩን እንደሚጠጋና የትኛው እንደሚሸሸው አስቀድመን ማጣራት ይኖርብናል።

ብር በአየር ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ወረቀቶች፣ ስድስቱ በፕላስቲክ ታሽገው፣ ስድስቱ ሳይታሸጉ፣ ሰኔ 20 ቀን በቤተ ሙከራው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ምድብ ሁለት ባዶዎች አሉ። የመሳቢያው ቁልፍ ከቤተ ሙከራ ረዳታችን ዘንድ ነው፤ በመስከረም የመጀመሪያው ረቡዕ እንከፍታቸዋለን።