ሬዲዮዬን የሻይ ጠረጴዛ ላደረገው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ይድረስ ለክቡርነትዎ፣

የእርስዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጽፍም። ሲያነቡት ራስዎን ያውቁታል። እኔንም ያውቁኛል፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኮሪደርዎ ላይ የቆምኩት ሰውዬ ነኝ። ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ማኅተም አርፎባቸዋል። መልስ የለም።

ነገሩ ይህ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ አንድ የአማተር ሬዲዮ ይዞልኝ መጣ፤ ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለን፣ በሞገድ ከሩቅ ሰው ጋር የምንነጋገርባት ናት። የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ናት። ደብቀን አላስገባናትም። ራሳችን አሳየን፣ ራሳችን አስመዘገብን፣ “ፈቃድ አምጡና ውሰዱ” ተባልን፣ እሺ አልን። ይኸው እሺ እንዳልን አለን። ሸሽገን አስገብተናት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤቴ ትሆን ነበር። በእውነት ለሠራ ሰው የተሰጠው ዋጋ ይህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስመጣ የንብረት ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሳጥኗን አየኋት። የወንድሜ እጅ ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ላይዋ ላይ ግማሽ የተጠጣ ሻይ፣ ከብርጭቆው ጎን በሶፍት የተጠቀለለ ሳምቡሳ። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ጠረጴዛ የለውም። ቀና ብሎ አየኝና “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ኤፍኤም ይይዛል እንዴ?” አለኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች ስለ ሬዲዮው አንድ ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ባልደረባዎ ግን ጥያቄ ሳይሆን መልስ ሰጥቶኛል፣ በቃል። “ስልክ አለህ አይደል? ሬዲዮ ምን ያደርግልሃል?”

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017፣ ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አልጋዎ ሲወዛወዝ እርስዎም ነቅተው ይሆናል። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ነው አዲስ አበባ ድረስ የመጣው። እኔ አክስቴ መተሐራ ናት። ደወልኩ። ሁሉም ሰው ደወለ፣ አገር ሁሉ እኩል ሲደውል ደግሞ የሚሆነውን ያውቁታል። እስኪነጋ ድረስ ስልኬን እያየሁ ተቀመጥኩ። በእርግጥ ሬዲዮዬ እጄ ላይ ብትሆን እንኳ ብቻዋን አትረባም ነበር፤ መተሐራም ሌላ ሰው ሌላ ሬዲዮ ይዞ መቀመጥ አለበት። ያ ሰው የለም። ለምን እንደሌለ ደግሞ እኔ ለእርስዎ አልነግርም።

መቼም አንድ ጊዜ ሠርተን እናሳይ ብንባል ደስ ባለን። የመኪና ባትሪ፣ 12 ቮልት። ለአንቴና ሃያ ሜትር ገደማ ሽቦ፣ መሀሉ ተቆርጦ ኬብል የገባበት፣ ሁለት ዛፍ መሀል የተሰቀለ። በ7 ሜጋኸርዝ ቀን ላይ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይ ይመለሳል፣ ስለዚህ ተራራው አይጋርደውም፤ ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ይሰማዎታል። ታወር የለ፣ የሞባይል ካርድ የለ።

“አስፈላጊነቱ ሲታይ ፈቃዱ ይታሰብበታል” የሚል ነገርም ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። አስፈላጊ የሚሆነው መቼ ነው? ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ናዳ ሲወርድ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ላይ ሌላ ናዳ ሲወርድባቸው፣ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ያኔ ነው ማመልከቻዬ ከመሳቢያ የሚወጣው? ሬዲዮ ቢኖር ይተርፉ ነበር አልልም። በሙታን አልነግድም። የምለው መሬት ከተናደ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ ለማንም አይጠቅምም ነው። እኔ አምስት ኪሎ ባለው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ፣ በሞገድ ላይ የሚጠራበት ስሙ ኢቲ3ኤኤ በሆነው፣ ተማሪ ሆኜ ነው የለመድኩት። ሞርሱ ብቻ፣ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላኩ፣ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። በዚያ ሁሉ ሿሿታ መሀል የአንድ ደካማ ሰው ድምፅ ለይቶ መስማት የጆሮ ልምምድ ነው፣ በአንድ ሌሊት አይመጣም።

ሕንዶቹን ይመልከቱ። ከዋናው ምድራቸው ርቀው ባሉት የአንዳማን ደሴቶች ላይ የአማተር ሬዲዮ ለመክፈት ለዓመታት ደጅ ጠንተው ተፈቀደላቸው፣ በ1997 ሄዱ። የሄዱት ለምንም አልነበረም፣ ከዓለም ዙሪያ ካሉ አማተሮች ጋር ሰላም ሊባባሉ፣ ለጨዋታ ነው። ታኅሣሥ 17 ሱናሚው መጣ። የስልክ መስመሩ ተቋረጠ። የደሴቶቹ ዋና ከተማ ፖርት ብሌየር ላይ በጨዋታ የተተከለው አንቴና የደሴቶቹን ወሬ ወደ ዋናው ምድር ማድረሻ ሆነ። ፈቃዱ እስኪታሰብበት ቢጠበቅ ኖሮ አንቴናውም ሰዎቹም እዚያ አይገኙም ነበር።

“የደኅንነት ጉዳይ ነው” የሚለውንም በሹክሹክታ ሰምቼዋለሁ። ክቡርነትዎ፣ አማተር ሬዲዮ ላይ ንግግርን በምስጢር ቋንቋ መደበቅ ክልክል ነው። ስናወራ ደጋግመን የጥሪ ምልክታችንን፣ ማለትም ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠንን የሞገድ ስማችንን፣ መናገር አለብን፣ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማናል። ስሙንና አድራሻውን ለመንግሥት አስመዝግቦ፣ በየደቂቃው ማንነቱን እየተናገረ የሚሰልል ሰላይ ካገኙ ለእኔም ያሳዩኝ፣ ላደንቀው እፈልጋለሁ።

ደንቡን እንደሚያውቁትም አውቃለሁ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 አገሮች አማተሮቻቸው ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ መንገድ ይክፈቱላቸው ይላል። ይዘጋጁ ነው የሚለው። ጠረጴዛዎ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አለ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሰማያዊው ፎልደር፤ ስጠብቅዎ ርዕሱን አንብቤዋለሁ። ጊዜ ነበረኝ።

ልዩ አስተያየት አልጠየቅሁም። ፈተና ካለ ፈትኑኝ። ክፍያ ካለ እከፍላለሁ። አይቻልም ከሆነም አይቻልም ብላችሁ በደብዳቤ ስጡኝ፣ ይግባኝ የምልበት ወረቀት ይኑረኝ። ዝም ማለት ግን መልስ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። የሦስቱም ማመልከቻዎች ኮፒ ከነማኅተሙ እጄ ላይ ነው፤ ፋይሉ ጠፋ እንዳይሉኝ። ለንብረት ክፍሉ ልጅም አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ይዤ እመጣለሁ።