ጠፋሁብሽ አይደል

እህትዓለም እንዴት ነሽ ለጤናሽ? ስምንት ወር ሙሉ ድምጼ ጠፋ። ቴሌግራም ላይ የላክሽልኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ ነገ እመልስላታለሁ ነገ እመልስላታለሁ ስል እዚህ ደረስን። እስኪ መጀመሪያ ያለሁበትን ልንገርሽ።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አክስቴ ጋር ነኝ፣ ኢንተርንሺፕ ቂሊንጦ አካባቢ አንድ መድኃኒት ፋብሪካ ደርሶኝ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ገብቼልሻለሁ። ጠዋት 12:30 ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ሰርቪስ መጠበቅ ነው፣ ብርዱን አትጠይቂኝ፣ ግን አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም። ፕሮፌሽናል መሆን እኮ ለኔ ያ ነበር፣ ሰዓት ማክበር፣ ጋውን አጥቦ ተኩሶ መልበስ፣ ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ ጣል ጣል ማድረግ።

ሁለተኛው ወር ላይ ምን ሆነ መሰለሽ። የጥሬ እቃ መጋዘኑን ሙቀትና እርጥበት በቀን ሁለቴ አይቶ መዝገብ ላይ መሙላት የኔ ስራ ነው፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ረሳሁት፣ በቃ ረሳሁት ሌላ ምክንያት የለውም። ዓርብ ጠዋት ባዶዋን ሳጥን ሳያት ደነገጥኩና 23.4 ብዬ ሞላኋት፣ ሁሌም 23 ምናምን ስለሆነ። ለካ ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሄዶ ኤሲው ቆሞ ነበር፣ ግድግዳው ላይ ያለችው በባትሪ የምትሰራ የሙቀት መመዝገቢያ 28.1 ይዛ ቁጭ ብላለች።

ሱፐርቫይዘሬ ጠሩኝ፣ አልጮሁም። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው "አንብቢልኝ" አሉኝ፣ አነበብኩ። "ባዶ ብትተይው ኖሮ ለምን ባዶ ሆነ ብለን እንጠይቅ ነበር፣ ይሄ ቁጥር ግን ጥያቄውንም ዘጋው" አሉኝ። ያለቀስኩት ግን በሳቸው አይደለም፣ እቃው ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ እስኪጣራ አይነካም ሲባል ማሽን ላይ ያሉት ሴቶች ስራ ፈትተው ሲጠብቁ ስላየሁ ነው።

እኛ ጋ ፍሉድ (ያ ጽሁፍ ማጥፊያው ነጭ ቀለም) የሚባል ነገር አይፈቀድም። የተሳሳትሽውን በአንድ መስመር ብቻ ትሰርዢዋለሽ፣ የድሮው ቁጥር መነበብ አለበት፣ አጠገቡ ምክንያቱን ጽፈሽ ፊርማና ቀን። እኔም "ሳላነብ ነው የሞላሁት" ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ፣ የዴቪዬሽን ሪፖርቱንም፣ ከአሰራሩ ውጭ ምን እንደተደረገ የሚጻፍበትን ማለቴ ነው፣ ራሴው ጻፍኩ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሚዛን መፈተሻ ክብደት በባዶ እጄ ነካሁ፣ የእጅ ወዝ ክብደቱን ስለሚቀይረው ክልክል ነው፣ ወዲያው ሄጄ ተናገርኩ። ሱፐርቫይዘሬ "እሺ ለካሊብሬሽን ይሂድ"፣ ማለትም ትክክለኛነቱ እንደገና ይለካ ብለው ወደ ስራቸው ተመለሱ፣ በቃ።

ላንቺ ግን እስካሁን አልተናገርኩም። ማዘርሽ ሆስፒታል ሲገቡ የላክሽውን ሜሴጅ በዛው ቀን ነው ያየሁት። ኔትወርክ አልነበረም ልልሽ አስቤ ነበር፣ ነበረ። የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ፣ ከዛ ዝም ማለቴ ራሱ አሳፈረኝና ይኸው። ይቅር በይኝ እህቴ። አሁን እንዴት ናቸው? ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ነው የምንሰራው፣ 8 ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ፣ ካላነሳሽ አልቀየምም፣ እሁድም እደውላለሁ።