ድርብ ሆነው ስለታተሙ ሳንቲሞች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከመሐል ሜዳም ከሸዋ ሮቢትም «ጽሑፉ ድርብ ነው» እያላችሁ ሳንቲም የምትልኩልን በዝታችኋል። አብዛኛውን ሳንገዛ መልሰናል። «ደብረ ብርሃን ያሉት ሰዎች ዋጋ ሊያወርዱብን ነው» ያላችሁም አላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሳንቲም የሚመታበት ማተሚያ ብረት ምስሉን የሚያገኘው ከሌላ ዋና ቅርጽ ጋር ተጭኖ ነው። ድሮ አንድ ጊዜ መጫን አይበቃም ነበር። ብረቱ በእሳት ይለሰልስና እንደገና ይጫናል። በሁለተኛው ላይ ትንሽ ዞር ካለ ምስሉ ብረቱ ላይ ሁለቴ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ በዚያ ብረት የተመታ ሳንቲም ሁሉ ድርብ ይሆናል። ሰብሳቢዎች «ደብልድ ዳይ» ብለው ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ነው።

ስመ ጥሩ በ1955 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ የተመታው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው። ዓመቱና ጽሑፉ ድርብ መሆኑ በዓይን ይታያል። ከ20 ሺህ በላይ የሚሆነው ገበያ እንደገባ ይገመታል። ብዙው የተገኘው ከሲጋራ መሸጫ ማሽን በመልስ መልክ ነው! የዚያው ዓመት ሌላ ሳንቲም ደግሞ አለ፤ የመጨረሻዋ 5 ድርብ ትመስላለች። እሱ ግን ብረቱ ስላረጀ የመጣ ነው። «የድሃው ደብልድ ዳይ» እያሉ ይሸጡታል። እኛ አንገዛውም።

እናንተ የምትልኩት በአብዛኛው ሌላ ነው። ማተሚያው ላልቶ ሲመታ ይነቃነቅና የፊደሉን ጠርዝ ይጨፈልቀዋል። በማጉያ መነፅር እዩት። ድርቡ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ከሆነ፣ እንደ ደረጃም ከመሰለ፣ ፊደሉም ከቀጠነ፣ ተራ ሳንቲም ነው። እውነተኛው ፊደሉን ያወፍረዋል። ሁለቱም ምስል ከፍ ያለና ክብ ነው፤ የፊደሉ ጫፍ ላይም ስንጥቅ ይታያል። ያረጀ ብረት የሚያመጣው ደግሞ የደበዘዘና የተበተነ ነው።

አንድ ማስረጃ ከሁሉም ይበልጥብናል። ሁለት ሳንቲም ላይ ድርቡ በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ ከተገኘ ከአንድ ብረት ወጥተዋል ማለት ነው። የማሽን ንቅናቄ ግን ከሳንቲም ሳንቲም ይለያያል። ስለዚህ ቤታችሁ ብዙ የ1969 ዓ.ም. ሳንቲም ካለ ቁጭ ብላችሁ አስተያዩት። ታዲያ ዓመቱ አንድ ስለሆነ ብረቱም አንድ ነው እንዳትሉ። የ1936ቱ የጃንሆይ ሳንቲም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለብዙ ዓመታት ሲታተም ኖሯል፤ በብዙ ብረት ማለት ነው።

ከመምጣታችሁ በፊት በቴሌግራም ፎቶ ላኩልን። መብራቱን ከጎን አድርጉት፤ ከላይ ከሆነ ደረጃው አይታይም። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን ዓመት ለብቻው አቅርባችሁ አንሱ። ፎቶ አይቶ መልስ መስጠት በነፃ ነው። እባካችሁ ሳንቲሙን በሎሚም በአመድም አትፈትጉት። የተፈተገ ሳንቲም እውነተኛ ድርብ ቢሆን እንኳን በሙሉ ዋጋ አንወስደውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሮጌ ሳንቲም መሸጫችን፣ ደብረ ብርሃን