ከማረጋገጫው ውጤት በፊት የተጻፈ ደብዳቤ

ለምወድሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱን ስደረድር ዋናው ጉዳይ እንዳይቀርብኝ አልፌዋለሁ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ደስታውን በሌላ ደብዳቤ አወጋሻለሁ፤ አሁን ግን በቅድመ ወሊድ ክትትሉ ከተሠሩልኝ የደም ምርመራዎች መካከል የኤችአይቪውና የጉበት ቫይረሱ ኔጌቲቭ ሲሆኑ፣ የቂጥኙ ሪአክቲቭ፣ ማለትም ምላሽ የሰጠ ሆኖ ወጥቷል።

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ «1:2» ተብሎ ተጽፏል። አንቺ የደም ብልቃጥ ይዘሽ ስትመላለሺ ፊቴን በማዞሬ ትስቂብኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ስለ ደም ውሃ ባለሙያውን ሳፋጥጥ ብታዪኝ ትደነቂ ነበር። እሳቸው እንዳስረዱኝ ይህ የመጀመሪያው ምርመራ ጀርሙን ራሱን አይፈልግም፤ ሴሎች ሲጎዱ ለሚወጣው ቅባት መሰል ነገር ሰውነት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልገው፤ ይህ ካለ በምርመራው ካርድ ላይ ከደሙ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው የከሰል ብናኝ ተቋጥሮ በዓይን ይታያል። 1:2 ማለት ደግሞ የደሜ ውሃ በእኩል ፈሳሽ ሲቀጥን ምላሽ መስጠቱን፣ ከዚያ በላይ ሲቀጥን ግን ማቆሙን ነው። እንዲህ ያለው ዝቅተኛ ቁጥር አንዳንዴ በእርግዝናው ብቻ ወይም በሌላ ሕመም ሊመጣ ስለሚችል፣ የቂጥኝን ጀርም ለይቶ የሚመለከት ማረጋገጫ ምርመራ ታዝዞልኛል። የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም። ማረጋገጫው ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ በሽታው ከማን እንደመጣም ሆነ መቼ እንደያዘ አይናገርም፤ ቂጥኝ ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፣ ማረጋገጫው ምርመራም ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ እንደሆነ ይቀራል። እኔ ይህን ተቀብያለሁ፤ እርሱ ግን የበሽታውን ስም ከሰማ በኋላ ሌላውን የሚሰማበት ጆሮ እንዳያጣ እፈራለሁ። እኔ ታክሜ እርሱ ሳይመረመር ቢቀር መልሶ ሊይዘኝ ስለሚችል ዝም ማለትም አልችልም። አንቺ ስንቱን ውጤት ለስንቱ ሰው ነግረሻል፤ ከየትኛው ቃል ነው የምትጀምሪው?

ከሁሉ በላይ የማስበው ስለ ፅንሱ ነው። ያልታከመ ቂጥኝ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱን ሊያስወርድ ወይም ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ከወሊዱ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ከተጀመረ እናትንም ፅንስንም እንደሚያክም ሲነገረኝ ተጽናንቼ ነበር፤ ወዲያው ግን ተማሪ ሳለን ፔኒሲሊን የተወጋሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ለነፍሰ ጡር ከፔኒሲሊን ሌላ አስተማማኝ መድኃኒት የለም። እውነተኛ አለርጂ ያላት ሴት ሆስፒታል ተኝታ፣ መድኃኒቱ ከጥቂቱ እየጨመረ እየተሰጣት እንድትለምደው ይደረጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ያን ጊዜ የሆነውን በዝርዝር ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ማሳከኩን እንጂ ሌላውን አላስታውስም፣ አጠገቤ የነበርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ሽፍታ ብቻ ነበር፣ ወይስ ከንፈሬ አብጦ ትንፋሽም አጥሮኝ ነበር? መርፌውን ከተወጋሁ ምን ያህል ቆይቶ ነው የጀመረኝ? ያየሽውን ሳትቀንሺና ሳትጨምሪ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤሽን ይዤ ለሐኪሙ እንዳለ አነብላቸዋለሁ።

ያንቺዋ