ምስጋና፦ 50 ዶላር ለከፈለችልኝ ሴት

ይህን ምስጋና በአማርኛ የምጽፈው በምክንያት ነው። ላመሰግናት የምፈልጋት ሴት አማርኛ አታነብም። ጎረቤቷ ግን ታነባለች። የኮንሰርት ትኬት ለመግዛት ሰልፍ ላይ ሆነን ስናወራ፣ ከታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ጎረቤት እንዳለቻትና በበዓል በበዓሉ ድፎ እንደምታመጣላት ነግራኛለች። «ድፎ» የሚለውን ቃል እንደኛው አጥርታ ነው ያለችው። ስለዚህ ኒውዮርክ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለፈረንጅ ጎረቤታችሁ ድፎ የምትቆርሱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡላት።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ነው። እኔ ታችኛው ማንሃተን ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። እኩለ ቀን ላይ አንድ ደንበኛችን መኪናውን ሊወስድ መጣ። ቁልፉን ሳይቀበለኝ ስልኩን አሳየኝ። ፖል ማካርትኒ ዛሬ ማታ ቦወሪ ቦልሩም ይጫወታል ይላል። ትኬት የሚሸጠው እዚያው በሩ ላይ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ።

ቦወሪ ቦልሩም ደላንሲ ጎዳና ላይ ያለ የቆየ የሙዚቃ ቤት ነው። የሚይዘው 575 ሰው ነው። እኛ አገር አንድ ደህና ሠርግ ከዚያ የበለጠ ሰው ይታደመዋል። ቢትልስ የሚባሉት አራት የእንግሊዝ ልጆች፣ ፖል ያለበት ባንድ፣ በ1965 በዚሁ ከተማ ሺ ስታዲየም ሲጫወቱ ከ55 ሺህ ሰው በላይ ነበር የገባው። አሁን ከእነዚያ አራት ልጆች አንዱ፣ በ82 ዓመቱ፣ ከሥራ ቦታዬ በእግር በሚደረስበት ቤት ሊዘፍን ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ፊቴን አይቶ «ሂድ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። የምሳ ሰዓት ነበር፣ መኪና የሚበዛበት። ብቻውን ተወጣው። ወንድሜ፣ ክፉ አይንካህ።

የሥራ ጃኬቴን ወርውሬ፣ ሌላ ደርቤ ሮጥኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰልፉ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። መስኮቱ ጋ ልደርስ ጥቂት ሰው ሲቀረኝ ኪሴን ዳበስኩ። ባዶ ነው። ቦርሳዬ በሥራ ጃኬቴ ውስጥ ቀርቷል። ደሜ ቀዘቀዘ። ከሰልፉ ልወጣ ስል ከኋላዬ የነበረችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ነገርኳት። «ከወጣህ አትመለስም፣ ቁም» አለችኝ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ 50 ለእሷ፣ 50 ለእኔ ከፈለች። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። ከኛ በኋላ ስንቱ ሳይደርሰው እንደተመለሰ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ለአንድ ዘፋኝ ይህ ሁሉ ምንድን ነው የሚለኝ ይኖራል። የአጎቴ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ እሱ ቤት ነው ያደግኩት። ጋሼ አንድ የቢትልስ ካሴት ነበረው። ከሰው ካሴት የተቀዳ ነው፣ ሽፋን የለውም። ላዩ ላይ በቢክ እስክሪብቶ «እንግሊዝኛ 3» ተብሎ ተጽፎበታል። ሄይ ጁድ የሚለውን ዘፈን አንድ ቀን ቴፑ በላው። ጋሼ ተጣጥፎ የተበላሸውን በምላጭ ቆርጦ አወጣ። ጫፍና ጫፉን በስኮች አጣበቀ። ከንፈሩን ነክሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሠራው። በ1968 የወጣው ዘፈን ከ7 ደቂቃ በላይ ነው፣ የኛው ግን አጠር ያለ ነበር። ያ ሁሉም አብሮ የሚያዜመው «ና ና ና» ሊጀምር ሲል «ጠቅ» ይልና ይዘላል። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ አሁንም «ጠቅ» እስኪል ይጠብቃል።

ማታ ተመልሼ ስሄድ በር ላይ ስልካችንን በሚቆለፍ ከረጢት ውስጥ ከተቱብን። ለበር ጠባቂዎቹም ምስጋና አለኝ። ያን ሁሉ ሰው ሳይገላምጡ፣ ሳይገፈትሩ ነው ያስገቡት። ስልክ ባለመኖሩም የሁሉም ዓይን መድረኩ ላይ ዋለ።

ወጣ። ቫዮሊን የምትመስለውን የሆፍነር ቤዝ ጊታር በግራ እጁ ይዟል። በኔና በእሱ መካከል ያለው ርቀት ከደጃፋችን እስከ ጎረቤት አጥር ቢሆን ነው። ድምፁ አርጅቷል፣ አልዋሽም። ከፍ ሲያደርገው ይሻክራል። ሻካራነቱ ግን ብዙ የተደመጠውን የኛን ካሴት አስታወሰኝ፣ ይበልጥ ወደድኩት።

ናው ኤንድ ዜን የሚለውንም ዘፈነ። ጆን ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ለራሱ ካሴት ላይ ቀድቶት የቀረ ዘፈን ነው። ጓደኞቹ አሟልተው ያወጡት በ2023 ነው። ሌነን የተገደለው በዚሁ በኒውዮርክ፣ በ1980 ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ደረታቸው ላይ ይዘውት ቆሙ።

ከዚያ ሄይ ጁድ መጣ። ያ ቦታ ሊደርስ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። «ጠቅ» የሚለውን ጠበቅኩ። አላለም። ቤቱ በሙሉ «ና ና ና» አለ፣ እኔም እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ቀና ስል ባለ 50 ዶላሯ ሴት ሰገነቱ ላይ ናት። አየችኝና እጇን አነሳችልኝ።

ስልኬ ከከረጢቱ እንደወጣ ጋሼ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፏል። ለኪዳን ተነስቶ ስለነበር ቶሎ አነሳው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ድምፁ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። «የኛን ካሴት ይመስላል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እሰይ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። ጋሼ፣ ያቺን ካሴት ሳትጥላት ቁጭ ብለህ ስለጠገንካት እድሜና ጤና ይስጥህ።

ጋሽ ፖል፣ በአገሬ ወግ እንዲህ ልጥራዎት። ስታዲየም የሚሞላ ሰው እያለዎት እኛ ጋ መጡ። ፌብሩዋሪ 12 እና 14 ቀንም ደገሙት። እግዜር ይስጥልኝ።

አንቺን ግን አጣሁሽ። ያን ማታ 50 ዶላሩን በእጄ ይዤ ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ደላንሲ ላይ ቆምኩ። አላገኘሁሽም። ብሩ አሁን ፓርኪንጋችን መሳቢያ ውስጥ፣ በፖስታ ውስጥ አለ። ግራጫ ፀጉር አላት፣ ያን ቀን ቢጫ ስካርፍ ነበር ያደረገችው። ታች ቤት ያለሽው እህቴ፣ ለፋሲካ ድፎውን ይዘሽላት ስትወጪ ንገሪልኝ።