ሳትጠይቂ አትጸልዪ

ልጄ፣

ወሬውን ከአክስትሽ ሰማሁት። ከአንቺ ባለመስማቴ ቅር ብሎኛል፤ መጀመሪያ ይህን ልንገርሽና ይውጣልኝ። «ልጅህ የሁሉም ሃይማኖት ቄስ ልትሆን ነው አሉ» አለችኝ፣ ሳቋን እያፈነች። 14 ዓመት ሙሉ የሰው ሒሳብ ስትመረምሪ ኖረሽ አሁን ምን ነካሽ? እናትሽ ግን አልደነገጠችም። «ተዋት፣ ድሮም የሚያለቅስ ሰው አይታ ማለፍ አትችልም» አለችኝ።

ስለ ትምህርቱና ስለ አገልጋዮቹ ለእሷ የላክሽላትን ወረቀት ተቀብዬ ሁለት ሌሊት አነበብኩት። እኔ የጠበቅኩት ከየእምነቱ ትንሽ ትንሽ ለቃቅመው አዲስ ሃይማኖት የሚሰፉ ሰዎችን ነበር። የአይሁድ ሃይማኖት መሪው ረቢ ጆሴፍ ጌልበርማን ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። ሰውየው የሃንጋሪ ሰው ነው። ሚስቱንና ሴት ልጁን በናዚዎች ጭፍጨፋ አጥቷል። እንዲህ የሆነ ሰው በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ኒውዮርክ ውስጥ ከአንድ የካቶሊክ ቄስ፣ ከአንድ የፕሮቴስታንት ፓስተርና ከሕንዳዊው የሂንዱ መምህር ከስዋሚ ሳቺዳናንዳ ጋር ሆኖ ኒው ሴሚናሪ የሚባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። አንቺ «ኢንተርፌይዝ ሚኒስተር» የምትያቸው፣ የየትኛውንም እምነት ሰው የሚያገለግሉ፣ የሚሠለጥኑበት ማለት ነው። ስዋሚው በ1969 የዉድስቶክን የሙዚቃ ፌስቲቫል በንግግር የከፈተው ባለ ረጅም ጢሙ ነው። ለእናትሽ ስነግራት «ጉድ ነው! ከሙዚቃ ወደ ሴሚናሪ!» ብላ ሳቀች።

ጌልበርማን ግን ረቢነቱን አልተወም። ይህችን ልብ በዪ። የሌላውን እምነት ማወቅ በራስ ላይ መጨመር እንጂ የራስን መተካት አይደለም ይል ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ቀለለኝ፤ ትንሽ ብቻ።

ስለ አንቶን ቦይሰን የተጻፈውንም አነበብኩ። ፓስተር ነበር፣ በ1920 አእምሮው ታሞ ሆስፒታል ገባ። ከዳነ በኋላ፣ በ1925፣ አሜሪካ ውስጥ ዉስተር በሚባል ከተማ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ሕመምተኛውን ራሱን እንደ መጽሐፍ አንብቡት ነው ነገሩ። የዛሬው የሆስፒታል ቻፕሊኖች፣ ሕመምተኛን በመንፈስ የሚያጽናኑት ማለቴ ነው፣ ሥልጠናቸው ከዚያ የመጣ ነው። እስቲ አስቢው፤ የታመመበትን አልጋ ወንበር አድርጎ አስተማረበት።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ሌሎቹ አገልጋዮችም እንደዚያው ከሌላ ሕይወት የመጡ ናቸው። ነርስ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ አስተማሪ አለ። እናቱና አባቱ በየራሳቸው እምነት ሲጸልዩ እያየ ያደገ አለ። የሌላ እምነት ሰው አግብቶ የሚባርከው ያጣ አለ። አንዱ እስር ቤት ያገለግላል፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ማጋባትና መቅበር ላይ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛ ብትጨመር አይገርምም። ግን ስሚኝ፤ ሳትጠይቂ አትጸልዪ። የማንም ሰው አልጋ አጠገብ፣ መጀመሪያ ሳትጠይቂ አፍሽን እንዳትከፍቺ።

ለምን እንደምልሽ ታውቂያለሽ። ወይም ግማሹን ታውቂያለሽ። አጎትሽ ሃይማኖቱን ከቀየረ በኋላ ስድስት ዓመት ተዘጋግተን ነበር። ሊሞት ሲል፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የኛን ቄስ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። አንቺ ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ በሩ ጋ ቆመሽ የጫማሽን ክር ትፈቺና መልሰሽ ታስሪ ነበር። ወንድሜን አልጠየቅኩትም። ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ አየኝና ወደ ግድግዳው ሊዞር ሞከረ። አቅም አልነበረውም። የአንሶላውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ትከሻውን እየጎተተ፣ እንደምንም ዞረ። ቄሱ ከእኔ ቀድመው ገባቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አቆሙ። «ይቀጥሉ አባ» አልኳቸው እኔ።

ይህን ለእናትሽም አልነገርኳትም።

ማታ የሆስፒታሉ ቻፕሊን መጣች። ወንበሩን ሳበችና «ምን ላድርግልህ?» አለችው። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። በጣቱ ጋዜጣ አሳያት። የኳስ ውጤት ነበር የፈለገው። ከላይ እስከ ታች አነበበችለት፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮኑን ሳይቀር። ቡድኑ ተሸንፎ ኖሮ ወንድሜ ተሳደበ። በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፁን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኮሪደር ላይ ተከትያት ወጥቼ በፊት ምን ትሠሪ ነበር ብላት «አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ» አለችኝ። ሃይማኖቷን ልጠይቃት አልኩና አፈርኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሥራሽን ቶሎ አትልቀቂ። ትምህርቱን ከሥራ ጋር ማስኬድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ሰርተፊኬቱ የት የት እንደሚያሠራ በጽሑፍ ይስጡሽ። አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታል ቻፕሊንነት ሙሉ ዕውቅና የሚፈልግ ሰው ከሴሚናሪው ሌላ የተግባር ሥልጠና ይጠየቃል፤ አንዱ ክፍል ቢያንስ 400 ሰዓት ነው፣ አራት ክፍል ያስፈልጋል። ደምሪው፣ ሒሳብ አዋቂ አይደለሽም? የጋብቻ ወረቀት መፈረም የሚችለው ማን እንደሆነም ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሙሽሮች ፊት ቆመሽ እንዳትዋረጂ። ደግሞ ያንን ጥርስሽን ታከሚ፤ በየሠርጉ ጉንጭሽን ይዘሽ ልትቆሚ ነው?

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ አልፏል። አክስትሽንም እንዳትጣያት፣ አፏ አያርፍም እንጂ ትወድሻለች። እናትሽ ግን ወረቀቱን መልሺልኝ እያለች ነው፤ በየጠርዙ የጻፍኩበትን ሳላጠፋ አልሰጣትም።

አንድ ቀን እኔም አልጋ ላይ እውላለሁ። አንቺም ወንበር ስበሽ ትቀመጫለሽ። ልጁ ነኝ፣ የሚፈልገውን አውቃለሁ ብለሽ እንዳትጀምሪ። መጀመሪያ ጠይቂኝ። ምን እንደምመልስልሽ ገና አላውቅም።

አባትሽ